ወፌ ቆመች፦ እንስሳት ለምንና እንዴት በኋላ እግራቸው ይቆማሉ?

ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎችና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። የተደጋገመውን ጥቂት ቀንሼ የቀረውን እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ? እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በተለይ ደግሞ ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዕረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁኝ ስለተገኛችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሐኪም ከመሆኔ በፊት ግን እረኛ ነበርኩ። ያደግኩት ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ በቆላው በኩል፣ የቤታችንን ፍየሎች እየጠበቅኩ ነው። ዛሬ ከምነግራችሁ ግማሹን ከዩኒቨርሲቲ ተማርኩት። ግማሹን ያስተማሩኝ ፍየሎቹ ናቸው።

በጥያቄ ልጀምር። ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ ጋ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ያላየ አለ? የለም። ሁላችንም አይተነዋል። እስቲ ንገሩኝ፣ ፈረሱ በስንት እግሩ ነው የቆመው? (ከልጆቹ አንዷ «በሁለት!» አለች።) ጎበዝ! በሁለት። የፊቶቹ አየር ላይ ናቸው። አራቱንም እግር መሬት ማስረገጥ ለቀራፂው ይቀል ነበር። ግን ፈረስ በኋላ እግሩ ሲቆም ልብ ይሰቅላል። ጉልበቱን እናያለን። ወዲያው ደግሞ «አሁን ይወድቃል» ብለን እንሰጋለን። ጉልበቱና ስጋቱ አብረው ይመጣሉ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሌላ ጥያቄ። ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ድጋፍ ሲቆም ምን እንላለን? (አዳራሹ ሁሉ «ወፌ ቆመች!» አለ።) አዎ፣ ወፌ ቆመች። እያጨበጨብን፣ እየሳቅን። ግን ለምን ወፍ? ለምን «ሰውዬው ቆመ» አላልንም? እኔ ሳስበው እንዲህ ይመስለኛል። ወፍ በዙሪያችን ካሉት ፍጥረታት ሁሉ ሳትቸገር በሁለት እግሯ የምትቆም እሷ ናት። ዶሮም፣ ርግብም፣ ሰጎንም። ለእነሱ መደበኛ አቋቋማቸው ነው። የወፎች ቅድመ አያቶች የሆኑት ዳይኖሰሮችም በሁለት እግር ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ወፍ ይህን ነገር ከእኛ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ትቀድመናለች። እናቶቻችን ልጁን በወፍ ሲጠሩት ትክክለኛዋን ባለሙያ ነው የጠሩት።

ዛሬ ስለ ወፍ ብዙ አላወራም። የማወራው በአራት እግር እንዲሄዱ ሆነው ስለተሠሩ፣ ግን አንዳንዴ ብድግ ስለሚሉ እንስሳት ነው። በኋላ እግሩ የቆመ እንስሳ ባያችሁ ቁጥር ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ፈልጎ ነው? ምን ተደግፎ ነው? ምን ከፍሎ ነው? ስልክ አውጥቶ ፎቶ ከማንሳት በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች። ልድገማቸው፦ ምን ፈልጎ? ምን ተደግፎ? ምን ከፍሎ?

የመጀመሪያውን እንያዝ። ምን ፈልጎ ነው?

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይባላል። ይህን የተናገረ ሰው ፍየል የጠበቀ መሆን አለበት። ፍየል ዛፍ ሥር እንደ ደረሰች ጊዜ አታጠፋም። ሁለት የፊት እግሮቿን ግንዱ ላይ ትሰቅላለች። አንገቷን ትመዛለች። ከንፈሯና ምላሷ በእሾህ መሀል ገብተው ቅጠሏን ብቻ ለቅመው ይወጣሉ። ግራርም ቢሆን፣ ቁርቁራም ቢሆን። በግ ግን ይህን አያደርግም። በግ አጎንብሶ ሣር ይግጣል። አብረው የዋሉ በግና ፍየል አንዱ መሬት መሬቱን ሲያይ ሌላዋ ሰማይ ሰማዩን ስታይ ይመሻል።

እኛ ቤት አንዲት ፍየል ነበረች። ቡሬ ነበር የምንላት። ቡሬ የሌሎቹ ፍየሎች ቁመት አይበቃትም ነበር። ሌሎቹ የደረሱበትን ቅርንጫፍ ከጨረሱ በኋላ እሷ ጠጋ ትላለች። አንዱ ድንጋይ ላይ ትወጣለች። ከድንጋዩ ላይ ደግሞ በኋላ እግሯ ትቆማለች። የምትረግጠው ድንጋይ ከእጄ መዳፍ ብዙም አይሰፋም። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ። ሥሯ ቆሜ «አሁን ወደቀች፣ አሁን ወደቀች» እላለሁ። አልወደቀችም። አንድም ቀን አልወደቀችም።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ዛፎቹ ነበሩ። በበጋ፣ ቆላ ውስጥ ያሉትን ግራሮች አይታችኋል? ከታች በኩል በመቀስ የተከረከሙ ይመስላሉ። አንዱ ዛፍ ካንዱ እኩል ነው። ቀጥ ያለ መስመር። ማን ነው የከረከማቸው? አንድ ቀን በዱላዬ ለካሁት። ከዚህኛው ዛፍ ያኛው፣ ከዚያኛው ወዲያ ያለው፣ ሁሉም ያው ነው። ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «አንቺ ልጅ፣ የፍየል ክንድ ነው እኮ የለካሽው» አለችኝ። የፍየል ክንድ! ያ መስመር የፍየል የኋላ እግር፣ ገላና አንገት ተደምሮ የሚደርስበት ቁመት ነው። ግመል በሚያልፍበት አገር ደግሞ ከዚያ በላይ ሌላ መስመር አለ፤ እሱ የግመል አንገት የሚደርስበት ነው። ከሁለቱ መስመር መሀል ያለውን ቅጠል ማን ይበላዋል? በድርቅ ጊዜ ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በኋላ እግሯ ቆማ አንድ ክንድ ቅጠል የምትጨምር ፍየል ክረምቱን ታያለች። ያልቻለችው ላታየው ትችላለች።

ለዚህ ነገር ባለሙያ ከሆነ የዱር እንስሳ ጋር ደግሞ ላስተዋውቃችሁ። ለፍየል ክትባት ቦረና በሄድኩ ጊዜ ነው ያየሁት። ከያቤሎ ወጣ ብለን መኪና አቁመን ነበር። ሚዳቋ የሚመስል፣ እግሩም አንገቱም ቀጭንና ረጅም የሆነ እንስሳ ቁጥቋጦ ሥር ቆሟል። በሶማልኛ ገረኑግ ይሉታል። ቀጭኔ በሶማልኛ ገሪ ነው፤ ስሙ የቀጭኔ አንገት ያለው ለማለት ነው ይባላል። እያየሁት ተነሳ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እንደ ፍየል ግንድ ላይ አልተሰቀለም። ምንም አልተደገፈም። የኋላ እግሮቹን ከፈት አድርጎ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ቆመ። በቃ፣ ሰው መሰለ። ቀጥሎ በፊት እግሮቹ ቅርንጫፉን ወደ ታች ስቦ መብላት ጀመረ። በዚያው እንደቆመ ወደ ጎን ዞር ይላል። እኔ ክትባቱንም ሾፌሩንም ረሳሁ።

ገረኑግ በዚህ አቋቋም ከ2 ሜትር በላይ ይደርሳል። ወገቡ ላይ ያሉት አከርካሪዎችና የዳሌ መገጣጠሚያው ለዚህ እንዲመች ሆነው የተሠሩ ናቸው። ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ይቆያል፤ የሚፈልገውን ውሃ የሚያገኘው ከቅጠሉ ነው። አስቡት። ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ለእሱ ምግቡም መጠጡም ነው። ታዲያ ባይቆም ምን ይሁን?

ዝሆንም ይቆማል። አዎ፣ ዝሆን! ዚምባብዌ ውስጥ፣ በዛምቤዚ ወንዝ ዳር፣ ማና ፑልስ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። እዚያ ያሉ ጥቂት ወንድ ዝሆኖች የግራር ቅርንጫፍ ለማውረድ በኋላ እግራቸው ይቆማሉ። ቦስዌል የሚባለው በተለይ ታዋቂ ነው። እሱ ቅርንጫፍ ሲሰብር ሌሎቹ የወደቀውን ለመልቀም ይከቡታል። ቶኖች የሚመዝን አካል በሁለት እግር! ሁሉም ዝሆን አያደርገውም። ጥቂቶች ናቸው የለመዱት።

መብላት አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ማየት ነው። ሣር ውስጥ የሚኖር ትንሽ እንስሳ ጠላቱን ከሩቅ ለማየት ሌላ ፎቅ የለውም፤ ፎቁ የራሱ እግር ነው። ፋሮ ይህን ታደርጋለች፤ ሣር መሀል ብድግ ብላ ዙሪያዋን ቃኝታ ትጠፋለች። በካላሃሪ በረሃ የምትኖረው የፋሮ ዘመድ፣ ሚርካት፣ ዘብ አላት። ሌሎቹ ሲጭሩ አንዷ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ተሰልፈው ቆመው ሆዳቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። የሆዳቸው ፀጉር ስስ ነው፤ ቆዳው ጠቆር ያለ ነው። ሙቀት ይስባል። እኛ ጠዋት በር ላይ ቆመን ፀሐይ እንደምንሞቀው። ድብም ሲቆም ብዙ ሰው ሊያጠቃ ነው ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ለማየትና ለማሽተት ነው የሚቆመው። ሽታው ከፍ ባለ ቁጥር ወሬ ይዞ ይመጣል።

ሦስተኛው ምክንያት ጠብ ነው። እዚህ ላይ እረኛ የነበራችሁ መስክሩልኝ። ሁለት አውራ በጎች ሲጣሉ ምን ያደርጋሉ? ወደ ኋላ ሄደው፣ ተንደርድረው፣ ጓ! ሁለት አውራ ፍየሎችስ? (ከኋላ አንድ አባት «ይነሳሉ!» አሉ።) እግዜር ይስጥልኝ አባቴ! ይነሳሉ። በኋላ እግራቸው ይቆማሉ፣ አንገታቸውን ዘመም ያደርጋሉ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። በጉ ጉልበቱን የሚያመጣው ከሩጫ ነው። ፍየሉ ከከፍታ። ገደል ላይ ለሚኖር ፍጥረት መንደርደሪያ ሜዳ ከየት ይመጣል? የሰሜን ተራራው ዋልያም እንዲሁ ነው የሚጣላው። ያ ያንን ሁሉ ቀንድ ተሸክሞ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ በሁለት እግር! አውራ ፍየል ከአውራ በግ ጋር ሲጣላ ደግሞ አስተውላችሁ ከሆነ፣ ፍየሉ ገና ሲነሳ በጉ ሆዱን ብሎት ይሄዳል። ስልታቸው አይገጥምም።

አራተኛው እጅን ነፃ ማድረግ ነው። ጊኒ ውስጥ ቦሱ በሚባል ቦታ በቺምፓንዚዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ በ2012 የወጣ ነው። ተመራማሪዎቹ በአካባቢው በብዛት የሚገኝ ለውዝና ብርቅ የሆነ ለውዝ አቀረቡላቸው። ብርቁ ለውዝ ሲመጣ ቺምፓንዚዎቹ በሁለት እግር መሄድ አበዙ። ለምን? በእጅም፣ በአፍም፣ በእግርም ታቅፈው ቶሎ ይዘው ለመሄድ። አያችሁ? የሚሻሙበት ነገር ሲመጣ እጅ ያስፈልጋል። እጅ ካስፈለገ መቆም ግድ ነው። ፓንጎሊን የሚባለው ቅርፊታም እንስሳም አለ። የአፍሪካ ሜዳ ላይ የሚኖረው ዓይነት በኋላ እግሩ ነው የሚሄደው፤ ጅራቱ ሚዛኑን ይጠብቅለታል። የፊት ጥፍሮቹ የምስጥ ኩይሳ መቆፈሪያ ናቸው። ረጅምና ቆልማማ ስለሆኑ መሬት ሊረግጥባቸው አይመቸውም።

የኛው ጭላዳስ? ጭላዳ እዚህ ላይ የተለየ መልስ አለው። እሱም እጁን ይፈልጋል፤ ምግቡ ከሞላ ጎደል ሣር ነው፣ ሣሩን ደግሞ በጣቶቹ እየነጨ ነው የሚበላው። ግን አይቆምም። ይቀመጣል! ተቀምጦ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ ይነጫል። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚለው ተረት ለጭላዳ ቃል በቃል ይሠራል። መቀመጫው ላይ ወፍራም ቆዳ አለው። ቀይ ምልክቱም ደረቱ ላይ ነው፤ ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል እንስሳ ለወዳጅም ለጠላትም የሚታየው ደረቱ ነዋ። ስለዚህ እጅን ነፃ ለማድረግ መቆም ብቸኛው መንገድ አይደለም። ጭላዳ ሥራውን ሳይቆም ጨርሶታል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ምን ተደግፎ ነው? እንዴት ነው የሚቆሙት?

እስቲ አንድ ነገር እንሞክር። ወንበር ላይ ያላችሁ ሁሉ ጀርባችሁን ከወንበሩ መደገፊያ አስጠጉ። እግራችሁን ከፊት አድርጉ፤ ጉልበታችሁ እንደ ማዕዘን ይሁን። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ። አሁን ወደ ፊት ሳታጎነብሱ፣ እግራችሁንም ወደ ኋላ ሳትስቡ፣ ተነሱ! (ሳቅ።) ተነሱ እንጂ! እምቢ አለ አይደል? ጉልበት አጥታችሁ አይደለም። እዚህ መሀል ወጣቶችም አላችሁ። የገላችሁ ክብደት ማዕከል ወንበሩ ላይ ነው ያለው፤ እግራችሁ ከፊቱ ነው። የክብደት ማዕከል ከእግር በላይ ካልመጣ ማንም አይቆምም። ሰውም፣ ፍየልም፣ የምኒልክ ፈረስም።

የባለ አራት እግር እንስሳ ችግር ይኸው ነው። ፈረስ ወይም ውሻ ዝም ብሎ ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ የሚያርፈው የፊት እግሮቹ ላይ ነው። ጭንቅላቱ፣ አንገቱ፣ ደረቱ፣ ሁሉም ከፊት ናቸው። ጀርባው ድልድይ ነው፤ ሁለት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ። አሁን የፊቱን ምሰሶ ንቀሉትና ድልድዩ በኋለኛው ብቻ ይቁም በሉት! ምን ያደርጋል? መጀመሪያ የኋላ እግሮቹን ወደ ሆዱ ሥር ያስገባል። ሰገድ ይላል። ቀጥሎ በፊት እግሮቹ መሬቱን ይገፋል። ወዲያው የጀርባው፣ የዳሌውና የጭኑ የኋላ ጡንቻዎች ገላውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይስቡታል። እንደ ጉድጓድ ውሃ መቅጃ ዘንግ፣ አንዱ ጫፍ ሲጫን ሌላው ይነሳል። ተነስቶም አላለቀም። ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ያለ ማቋረጥ ይሠራሉ። ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ፈረስ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሚወርደው ለዚህ ነው። ያ ልብ የሰቀለው ስጋት ትክክል ነበር፤ ፈረሱ ራሱም ያውቀዋል።

ስለዚህ ብልህ እንስሳ ድጋፍ ይፈልጋል። ፍየል ግንድ ትደገፋለች። ካንጋሩ ጅራቱን ይደገፋል፤ ሲጣላ ጅራቱ ላይ ተደግፎ በሁለት እግሩ ይራገጣል። ቀስ ብሎ ሲሄድም ጅራቱ እንደ አምስተኛ እግር ይገፋል። በ2014 የወጣ ልኬት እንደሚያሳየው የጅራቱ ግፊት የአራቱ እግሮች ግፊት ተደምሮ ያህላል። ሌሎቹ ደግሞ ፍጥነትን ይደገፋሉ። ባሲሊስክ የሚባለው የመካከለኛው አሜሪካ እንሽላሊት በኋላ እግሩ እየሮጠ ውሃ ላይ ይሻገራል። ቢቆም ይሰምጣል። በረሮም እንዲሁ ናት። እናቶች፣ ማታ መብራት ስታበሩ ለምን እንደማትያዝ ልንገራችሁ? አንደኛዋ ትልቅ የበረሮ ዓይነት ሙሉ ፍጥነቷ ላይ ስትደርስ፣ በሰከንድ 1.5 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ከስድስቱ እግሮቿ በሁለቱ የኋላዎቹ ብቻ ነው የምትሮጠው። ፊቷ ከመሬት ይነሳል። ብስክሌት ሲሮጥ ይቆማል፣ ሲቆም ይወድቃል አይደል? እንደዚያ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደረስን። ምን ከፍሎ ነው? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህን ነው።

ልጅ ሳለሁ አንዲት ፍየላችን የወለደችው ግልገል የፊት እግሮቹ ተቆልምመው ተወለደ። ጅማቶቹ አጥረው ነበር። በጉልበቱ ይንፏቀቃል። ጎረቤት «ተዉት፣ አይሆንም» አለ። አባቴ ግን ሸምበቆ ሰንጥቆ፣ አሮጌ ነጠላ ቀዶ፣ እግሮቹን ቀስ እያለ አቃንቶ አሰረለት። በየሁለት ቀኑ ይፈታል፣ ያሻል፣ መልሶ ያስራል። እኔ ወተት ከእናቱ እያስጠጋሁ አጠባዋለሁ። ያ ግልገል በእነዚያ ቀናት ምን ያደርግ እንደነበር መቼም አልረሳውም። የፊት እግሮቹ እምቢ ሲሉት በኋላዎቹ ይነሳ ነበር። ይነሳል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። ይነሳል፣ ይወድቃል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ሸምበቆው ተፈታ። በአራቱም ሄደ። አባቴ ምንም አላለም፤ ብቻ ቁጭ ብሎ ሲያየው ዋለ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ አስተማሪያችን ስለ አንድ ፍየል ነገረን። ስላይፐር የሚባል የኔዘርላንድስ የአካል ጥናት ሊቅ በ1942 የጻፈው ነው። ያ ፍየል ያለ ፊት እግር የተወለደ ነበር። አባቴ ቢኖርም የሚያስርለት እግር የለውም። ታዲያ ምን አደረገ? በኋላ እግሮቹ እየዘለለ መሄድ ተማረ። አንድ ዓመት ያህል ኖረ፣ በአደጋ ሞተ። ስላይፐር ገላውን ከፍቶ አየ። አጥንቱ ተለውጧል። አከርካሪው እንደ ሌላ ፍየል ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ጎበጥ ዘለስ ብሏል። ደረቱ ሰፍቷል። የዳሌው አጥንት ቅርፁን ቀይሯል። ጡንቻዎቹ በአዲስ ቦታ ተያይዘዋል። በአንድ ዓመት! በአንድ ፍየል ዕድሜ! ማንም አላሠለጠነውም። መኖር ነው የፈለገው። ገላው ደግሞ ሰማው።

ክፍሉ ውስጥ አለቀስኩ። የኛ ግልገል ትዝ ብሎኝ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ይነግረናል። ገላ ለፍላጎት ይታዘዛል። ደግሞም ዋጋ ያስከፍላል፤ አጥንት የሚቀየረው ጫና ሲበዛበት ነው። ገረኑግ ይህን ዋጋ በዘር፣ በዘመናት ውስጥ፣ ጥቂት በጥቂት ከፍሎ ጨርሷል። ገላው የተሠራው ለዚያ ነው። ዛሬ ማታ የአንድን ውሻ የፊት እግር አንስተን «ሂድ» ብንለው ግን ውሻው በአንዴ ነው የሚከፍለው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስልካችሁ ላይ ቀሚስ የለበሰ ውሻ በሁለት እግሩ እንደ ሰው ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ ይመጣል። ያስቃል። ልጆች ይወዱታል። ግን ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። ምን ፈልጎ ነው? ቅጠል ፈልጎ አይደለም። ለማየትም አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያስቆመው ከካሜራው ጀርባ ያለ ሰው ነው። ምን ተደግፎ ነው? ምንም። ምን ከፍሎ ነው? ዳሌውን፣ ጉልበቱን፣ ወገቡን። ውሻ ሲጫወት ለአፍታ ቢነሳ ምንም አይደለም። ደቂቃ በደቂቃ፣ ቀን በቀን ማቆም ግን ጉዳት ነው። እኔ ጋ ዳሌያቸው ያመማቸው ውሾች ይመጣሉ። ዓይናቸውን ነው የማየው። በሌላ አገር ድብን ለማስጨፈር ግልገሉን በጋለ ብረት ላይ ያቆሙት ነበር፤ እግሩን ከግለቱ ሲያነሳ ጨፈረ ይባላል። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ላይክ አታድርጉት። አታጋሩት። ልጆች፣ ቃል ትገቡልኛላችሁ? («እንገባለን!») እግዚአብሔር ያሳድጋችሁ።

እኛስ? እኛ ምን ከፈልን? የመጣነው ከዚሁ አገር ነው። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። ከጉልበቷና ከዳሌዋ አጥንት ይታወቃል። የጭኗ አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ዘመም ይላል፤ እንደኛው። ለምን? በአንድ እግር ስንራመድ ክብደታችን ከእግራችን በላይ እንዲያርፍ። ያው የወንበሩ ነገር ነው! ከእሷ በፊት፣ ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ እዚያው አፋር ውስጥ አርዲ የምትባል ሌላ ጥንታዊት የሰው ዘመድ ነበረች። አርዲ መሬት ላይ በሁለት እግር ትሄዳለች፤ የእግሯ አውራ ጣት ግን እንደ እጅ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ነው። በዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው ቡድን ወራንሶ ሚሌ ላይ 3.4 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የእግር ቁራጭ አገኘ። በ2012 ይፋ ሆነ። ዘመኑ የድንቅነሽ ወገኖች ዘመን ነው። አውራ ጣቱ ግን የሚጨብጥ ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለት ዓይነት አቋቋም! መቆም አንድ መንገድ ብቻ አልነበረውም። ብዙ ተሞክሯል።

ያገኘነው ጥቅም ትልቅ ነው። ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያወጣው ጉልበት ቺምፓንዚ ለዚያው መንገድ ከሚያወጣው በ75 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቺምፓንዚ ሲቆም ጉልበቱና ዳሌው ታጥፈው ነው፤ ያደክማል። እኛ ቀጥ እንላለን። ግን ያ ድልድይ የነበረ ጀርባ ምሰሶ ሆነ። ወገብ ያላመመው እጁን ያውጣ! (ጥቂት እጆች።) እነሱም ወጣቶች ናቸው። እናቶች ደግሞ ምጥን ታውቁታላችሁ። ዳሌው ለመራመድ ጠበበ፣ የልጅ ጭንቅላት ትልቅ ሆነ። ይህን ዋጋ በየጊዜው የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ልጄ የቆመችበትን ቀን ልንገራችሁና ላብቃ። ሕፃን ሲወለድ ጀርባው እንደ ቅስት አንድ ጉብጠት ብቻ ነው ያለው። አንገቱን ሲያቀና አንገቱ ላይ ዘለስ የሚል ነገር ይመጣል። ሲቆምና ሲሄድ ደግሞ ወገቡ ላይ። ማለትም የወገባችንን ቅርፅ ይዘነው አልተወለድንም፤ ቆመን ነው የሠራነው። እንደ ስላይፐር ፍየል። ይህን በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ልጄ ዳዴ እያለች መጥታ የአልጋውን ጫፍ ያዘች። ተነሳች። ያዘችውን ለቀቀች። ተንገዳገደች። እኔ ያየሁት ያንን ግልገል ነው። ያየሁት ቡሬን ነው፣ ድንጋይዋ ላይ። እጄን ዘርግቼ ልይዛት ስል እናቴ ከኋላዬ ሆና «ተያት!» አለችኝ። ተውኳት። ቆመች።

ጊዜ ሰጥታችሁ ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ሻይ እየጠጣን እንነጋገር፤ እዚያ በኩል ቀርቧል። እስቲ አሁን እግራችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ። ወደ ፊት ጎንበስ በሉ። ክብደታችሁ እግራችሁ ላይ ሲመጣ ይሰማችኋል? አዎ። ተነሱ።

ወፌ ቆመች!